መጣች ወይስ መታች? የፊደላችን ነጥቦችና የቁልፍ ሰሌዳ ታሪክ

እህቶቼ፣ ስልካችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ኤም፣ ኢ፣ ቲ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤች ብላችሁ ጻፉና አጠገባችሁ ላለች ልጅ አንብቢልኝ በሏት። አንዷ «መጣች» ትላለች፣ ሌላዋ «መታች» ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። የእንግሊዝኛው ፊደል ጠ ስለሌለው ተንም ጠንም በአንዲት ቲ ይገላግላቸዋል። ለብዙ ሰው ይሄ የሳቅ ጉዳይ ነው። ለኛ ግን ሁልጊዜ ሳቅ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ልጅ ከምትሠራበት ቤት ሆና ለጓደኛዋ ሁለት ቃል ላከች፤ «ዛሬም» ብላ ይቺኑ ስድስት ፊደል አስከተለች። ጓደኛዋ «ዛሬም ማዳም መጣች፣ አትደውይ ማለቷ ነው» ብላ ስልኩን አስቀመጠች። ልጅቷ የጻፈችው ግን ሌላውን ነበር። ነገሩ የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ይሄን ያጫወተችኝ ራሷ ናት፣ ከዚያ ቤት ከወጣች በኋላ።

ቮይስ ብትልክ ምን ነበረበት የምትል አትጠፋም። ቮይስ ይሰማላ! የምትተኛው ከሕፃኑ ጋር ወይም ማዕድ ቤቱ ጥግ ከሆነ፣ በሹክሹክታ እንኳ የማይወራበት ሰዓት አለ። ጽሑፍ ድምፅ የለውም። ለዚህ ነው እኛ ጋ የቁልፍ ሰሌዳ የኮምፒውተር ሰዎች ጨዋታ ብቻ ያልሆነው። እኔም በእሁድ ዕረፍቴ ከማኅበሩ መጻሕፍትም፣ ከስልኬም የለቃቀምኩትን ታሪክ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። አንደኛው ከላይ ያልኩት ነው፤ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ስንጽፍ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ የሚባሉት ጠንካራ ድምፆች ይጠፋሉ። ሁለተኛው የራሳችን ፊደል ጉድለት ነው። ፊደላችን የማይጽፈው ነገር አለ፤ እሱም ማጥበቅና ማላላት ነው። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «ገና አልመጣም» እንደምንለው ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። «ዋና» ላልቶ ባሕር ውስጥ ነው፣ ጠብቆ ደግሞ ዋናው ሰውዬ ነው። «አለ» ላልቶ ተናገረ ነው፣ ጠብቆ ይገኛል ነው። ስናወራ አንሳሳትም። ስናነብም ብዙ ጊዜ ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ይመራናል። የማይመራን ጊዜ ግን አለ። ከሀገር ቤት «ልጅሽ ትምህርት ቤት ይመታል» የሚል መልእክት ቢደርስሽ ምን ትረጃለሽ? ላልቶ ከተነበበ ልጅሽ ሰው ይደበድባል። ጠብቆ ከተነበበ ልጅሽን ይደበድቡታል። በፊደል ሁለቱ አንድ ናቸው። እናት ባሕር ማዶ ሆና አንዱን ልጅ ልትቆጣው ወይም ልታለቅስለት የሚወስነው ያልተጻፈ ነጥብ ነው።

ኮንትራት ላይም ይሄው ነው። «ይሰጣል» ሲላላ የሚሰጥ ሰው አለ፣ ሲጠብቅ ግን ይሰጣል እንጂ ማን እንደሚሰጥ አይታወቅም። «አሠሪው ይሰጣል» ከሆነ ግልጽ ነው። «ደሞዝ በየወሩ ይሰጣል» ሲሆን ግን፣ ማን ነው የሚሰጠው? ኤጀንሲው? ማዳም? በዚህ የተጨቃጨቁ ስንት ናቸው።

ታዲያ አባቶቻችን ከፊደል በላይ ምልክት ማድረግ አያውቁም ነበር እንዳትሉ። ያውቁ ነበር፣ ለዚያውም በደንብ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የዜማ መጻሕፍት ላይ ከቃሉ በላይ በደቃቁ የሚጻፉ ምልክቶች አሉ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ ይባላሉ። ስማቸው ራሱ ሥራቸውን ይናገራል። ድፋት ድምፅን ወደ ታች ይደፋል፣ ቁርጥ ይቆርጣል፣ ርክርክ ያንቀጠቅጣል። ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው ይባላል። ምልክቶቹን ያደራጁት ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት እንደሆኑ ነው የሚነገረው፤ ቦታውም ወሎ ተድባበ ማርያም ነው። ዘመኑን ልብ በሉት። የግራኝ ጦርነት ገና ያበቃበት፣ ብዙ መጻሕፍት የተቃጠሉበት ጊዜ ነው። በቃል የሚያውቅ ሰው ሲያልቅ የሚያስታውስ ምልክት ያስፈልጋል። እኔ እንደሚመስለኝ እነዚያን ጭረቶች ያስወለደው ያ ፍርሃት ነው።

አሁን ያለንበት አገር ፊደልም ተመሳሳይ ታሪክ አለው፣ ከኛም ይቀድማል። ዐረብኛ እንደምታውቁት አናባቢውን አብዛኛውን አይጽፍም። በ7ኛው መቶ ዘመን ኢራቅ ባስራ ውስጥ አቡ አል አስወድ አድ ዱአሊ የሚባል ሊቅ የቁርኣን ንባብ እንዳይዛባ በቀለም ነጥብ ማድረግ ጀመረ ይባላል፤ ከፊደሉ በላይ ነጥብ ካለ «አ»፣ ከታች ካለ «ኢ»፣ ከጎን ካለ «ኡ»። በ8ኛው መቶ ዘመን ያው የባስራው አል ኸሊል ኢብን አሕመድ መጣና ነጥቦቹን በትንንሽ የፊደል ቅርጽ ተካቸው። ማጥበቂያውንም አበጀ። ሸዳ የምንላት፣ ሦስት ማዕዘን ያላት ትንሽ ዘውድ የምትመስለው ምልክት ከሺን ፊደል ራስ ላይ የተቀነሰች ናት። ቁርኣን የቀራችሁ እህቶች ይሄን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ተሽዲድ ስትዘሉ ኡስታዙ እንዴት እንደሚቆጣ ታስታውሱ ይሆናል። የወሎ ሼኾች መንዙማውን በዐረብኛ ፊደል ግን በአማርኛ ቋንቋ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ዐጀሚ ይባላል። ሳስበው ይገርመኛል። የገዛ ቋንቋችን የሚጠብቀውን ድምፅ የሚያሳይ መሣሪያ በእጃቸው የነበረው እነሱ ነበሩ፣ በሰው ፊደል።

በሱቅ ሰሌዳና በጋዜጣ ላይ ግን ዐረቦቹም ምልክቱን አይጽፉትም። ስልካቸው ላይ አንድ ቁልፍ ተጭነው ሲቆዩ ይወጣል እንጂ ማን ይለፋል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻጻፉ ደሞ የቤቱ ልጆች ስልክ ላይ አይታችሁት እንደሆነ ቁጥር ይቀላቅላሉ። 3 ዐይን ናት፣ 7 ሐ ናት፣ 2 ሀምዛ ናት፣ 5 ኸ ናት። መጀመሪያ ሳየው የባንክ ሒሳብ መስሎኝ ነበር! ሞኝነት አይደለም ግን። ፈረንጁ ፊደል ለሌለው ድምፅ ሁሉ አንድ አንድ ቁጥር መድበዋል። እኛ ለጠና ለቀ እንደዚህ ብንስማማ ኖሮ ያቺ ልጅ ሁለት ቀን አትጠብቅም ነበር።

ከናይጄሪያ የመጡ ሠራተኞችም አሉ መካከላችን። ዮሩባ ተናጋሪ ካጋጠማችሁ «ኦዎ» የሚለውን ቃል ጠይቋት። እንደ ዜማው ከፍታና ዝቅታ፣ እንደ ኦዋም ዓይነት ገንዘብ ይሆናል፣ እጅ ይሆናል፣ ክብር ይሆናል፣ መጥረጊያ ይሆናል። (ገንዘብ፣ እጅ፣ ክብር፣ መጥረጊያ፤ የኛን ኑሮ በአንድ ቃል እኮ ጨረሱት።) በጽሑፍ የሚለያቸው ከፊደሉ በላይ የሚሰመር ጭረትና ከሥሩ የምትደረግ ነጥብ ነው። ይሄን ቋንቋ በጽሑፍ ካቆሙት አንዱ ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር ነው። በልጅነቱ እ.ኤ.አ. በ1821 ተማርኮ ለባርነት ተሸጠ። በሚቀጥለው ዓመት መርከቡን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ያዘውና ሴራሊዮን ላይ ነፃ ወጣ። በ1843 የቋንቋውን መዝገበ ቃላት አሳተመ። ከአገሩ ተነቅሎ በሰው አገር ያደገ ልጅ ነው የገዛ እናቱን ቋንቋ በወረቀት ያሰፈረው። በ1875 ሌጎስ ላይ አጻጻፉ በጉባኤ ተወሰነ። ስልክ ሲመጣ ግን ነጥቡም ጭረቱም ቁልፍ አላገኘም፤ ብዙዎች ጥለውት ነው የሚጽፉት።

ወደ ሀገራችን ልመለስ። ለኛ መጀመሪያ የመጣው ጣጣ የታይፕ መኪና ነው። የጽሕፈት መኪና አርባ ምናምን ቁልፍ ነው ያለው፣ ባንዱ ቁልፍ ላይ ሁለት ምልክት ብታስቀምጥ ዘጠና ገደማ። የኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣልያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ይሄን ሊፈታ የተነሳ ሰው ነው። መፍትሔው የፊደሉን አካል ለብቻ፣ የካዕቡን የሣልሱን ቅጥያ ለብቻ አድርጎ መምታት ነበር። በኋላ የጣልያኑ ኦሊቬቲ የአማርኛ ታይፕ ሠርቶ በየመሥሪያ ቤቱ ገባ። እናቶቻችን ታይፒስት ሆነው ደሞዝ የበሉበት መኪና ነው። የቀበሌ ደብዳቤ፣ የልደት ካርድ ከነበራችሁ ተመልከቱት፤ ጭረቱ ከፊደሉ ትንሽ ተገንጥሎ የቆመበትን ታገኛላችሁ። ሰዎች ያስጠላል ይሉ ነበር። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ ፊደሉ እንዴት እንደተገጣጠመ ያሳያል።

በዚያ ዘመን ብዙ ምሁራን ፊደል ይቀነስ፣ ሁለቱ ሰ፣ ሁለቱ ጸ፣ ሦስቱ ሀ ለምን ያስፈልጋሉ እያሉ ይከራከሩ ነበር። ከነሱ አንዱ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ሌላው ቢቀር አንድ ነገር አደረጉበት፤ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አስቀመጡ። ሰብለንና በዛብህን ሁላችንም በሬዲዮ ሰምተን አልቅሰናል፤ ነጥቧን ያየ ግን ስንቱ ነው? የማኅበራችን መደርደሪያ ላይ ያለውን ቅጂ ስገልጥ መጀመሪያ የቀለም ጠብታ መስሎኝ ነበር። ሌላ ጸሐፊ እምብዛም አልተከተላቸውም። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ያው ነው ባይ ነኝ፤ በታይፕ ላይ ለነጥቧ የሚሆን ቁልፍ ማን ያባክናል። ሐዲስ ነጥባቸውን ያስገቡት ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው እንጂ ተራ ሰው ደብዳቤ ላይ የሚደግመው አልነበረም።

ቀጥሎ ኮምፒውተር መጣ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ የነበሩ ኢትዮጵያውያን፣ እንደነ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉት፣ ግዕዝን ወደ ኮምፒውተር አስገቡ። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር እስካሁን አለ፤ እኔ አልገባበትም። የሚገርመው ስደተኞች መሆናቸው ነው። ሀገር ቤት ያለ ሰው እስክሪብቶ ነበረው፤ እነሱ ግን ከአማርኛ ጋር የሚያገናኛቸው ያ የሰው አገር ማሽን ነበር። ከዚያ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ የሚባሉት ሀገር ቤት ተስፋፉ። ችግራቸው እያንዳንዱ የራሱ አሠራር ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለው ኮምፒውተር ሲከፈት የፈረንጅ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል። በኢንተርኔት ቤት የሀገር ቤት ኢሜል ከፍታችሁ ይሄ የገጠማችሁ ታውቁታላችሁ።

የአውሮፓ ምሁራን አማርኛን በላቲን ሲጽፉ ለጠ ቲ ጽፈው ከሥሯ ነጥብ ያደርጋሉ፣ ለሸ ኤስ ላይ ቆብ ይደፋሉ፣ ለኘ ኤን ላይ ማዕበል ይሰድዳሉ። ቆንጆ ነው፣ ግን ተራ የቁልፍ ሰሌዳ ላይ የለም። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ነጥቡንም ቆቡንም ትተው ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጠቀሙ። ሴራ ይባላል ዘዴው (ስሙ ሲሰማ ያስፈራል፣ ግን የእንግሊዝኛ ስሙ ምኅፃር ነው)። ትንሿ ቲ ተ ናት፣ ትልቋ ቲ ጠ። ትንሿ ሲ ቸ፣ ትልቋ ጨ። ትንሿ ኤን ነ፣ ትልቋ ኘ። ኪው ቀ ናት፣ ኤክስ ሸ ናት። ዛሬ በድምፅ የሚጻፉት የአማርኛ ኪቦርዶች ብዙዎቹ የተወለዱት ከዚህ ነው። ስልክሽ አማርኛ ባይኖረው እንኳ ይቺን አንድ ደንብ ከጓደኛሽ ጋር ብትስማሚ በቂ ነው፤ መታች በትንሿ ቲ፣ መጣች በትልቋ ቲ። ገንዘብ አያስወጣም፣ ምንም አይጫንም።

ዝባዝንኬውን ያስቀረው ዩኒኮድ ነው፤ ለዓለም ፊደል ሁሉ አንድ አንድ ቁጥር የሚሰጥ መዝገብ ማለት ነው። ፊደላችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛው እትም ነው። ያኔ ግን ምልክቶቹ አልገቡም ነበር። የዜማ ምልክቶቹ 10 ሆነው፣ የማጥበቂያው ነጥብም ከነሱ ጋር፣ በ2005 ገቡ። የማጥበቂያው ምልክት ሁለት ነጥብ ነው፣ ቁጥሩም 135ኤፍ። እንዲህ ይጻፋል፦ ይመ፟ታ፟ል። ይሄ ልጁን ሲደበድቡት ነው። የዜማዎቹ ግን እንደ ተራ ምልክት ነው የተመዘገቡት፤ እንደ ማጥበቂያው ፊደሉ አናት ላይ በራሳቸው አይወጡም፤ ከጎን ይቆማሉ። የሚያስቀምጣቸው ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። የአዛዥ ጌራና የአዛዥ ራጉኤል ሥራ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶም ገና ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም ማለት ነው።

ፊደሉ መዝገብ ውስጥ መግባቱና በኛ ስልክ ላይ መምጣቱ ግን ለየቅል ነው። በቁልፍ ስልክ ዘመን አማርኛ አልነበረም፣ ቢኖርም በጽሑፍ መልእክት አንድ ቴክስት በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ሲይዝ በግዕዝ 70 ብቻ ነው የሚይዘው። ካርድ የምትቆጥር ሰው የቱን ትመርጣለች? ሲታሰብ ግን ልዩነቱ የሚወራውን ያህል አልነበረም፤ የኛ አንድ ፊደል ድምፁንም አናባቢውንም ይዞ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ይተካል። ከሀገር ቤት በኩል ደሞ ከ2005ቱ (እ.ኤ.አ.) ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ እስከ 2007 ቆየ። በዚህ ሁሉ መሐል የኛ ትውልድ እጁ በእንግሊዝኛ ፊደል ለመደ፣ ስልኩ አማርኛ ከቻለ በኋላም አልለቀቀም።

ልማዱ ከስልክም ያልፋል። ቅድስት የምትባል ልጅ ፓስፖርቷ ላይ በኬ ትጻፋለች። እዚህ ስትመጣ ያንን ኬ አይተው ኢቃማዋ ላይ በዐረብኛ ካፍ ያደርጉታል። ዐረብኛ ግን ለቀ የሚቀርብ ቃፍ አለው፣ ለጠም የሚቀርብ ጧ አለው። ከአማርኛ በቀጥታ ቢሄድ ስሟ ይበልጥ ስሟን ይመስል ነበር። በእንግሊዝኛ በር ሲገባ ነው ጥርሱ የረገፈው።

ሌላው ልታውቁት የሚገባ፣ የቁልፍ ሰሌዳ ማንም ሊሠራው የሚችል ነገር መሆኑ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማርክ ደርዲን የሚባል አውስትራሊያዊ ወጣት ለላኦ ቋንቋ ኪማን የሚባል ፕሮግራም ሠራ። ይሄ ቁልፍ ሲነካ ይሄ ምልክት ይውጣ፣ ይሄ ከዚያ ቀጥሎ ሲነካ ደግሞ ተዋህደው ሌላ ይሁኑ ብሎ ደንብ የሚጽፉበት ነው። ዛሬ በነፃ ይገኛል፣ በስልክም በኮምፒውተርም፤ የአማርኛም የዮሩባም ሰሌዳ አለው። አማርኛውን ካዘጋጁት መካከል ያው ዳንኤል ያዕቆብ አለበት።

ፕሮግራም መጫን ለማትችሉ፣ ስልኩ የናንተ ላልሆነ ወይም ቦታ ለሌለው፣ እሁድ እሁድ ማኅበሩ ውስጥ የምናሳየው ቀላል መንገድ አለ። ጂቦርድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ የግል መዝገበ ቃላት የሚል አለ፤ አይፎን ከሆነ ኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ ቃል መተኪያ አለ። ምልክቱን የተጻፈበት ቦታ ካገኛችሁ ኮፒ አድርጋችሁ እዚያ ታስቀምጡና አጭር መጠሪያ ትሰጡታላችሁ፤ አንዳንዶቹ «ጥብ» ብለውታል። ከዚያ «ጥብ» ሲጽፉ ሁለቱ ነጥብ ከላይ ይቀርባል። ብቻውን ሲያስቸግር ሙሉውን ቃል፣ «ይመ፟ታ፟ል»ን እንዳለ፣ ማስቀመጥ ይሻላል። መልእክቱ የሚደርሳት እናት ስልክ አሮጌ ከሆነ ነጥቡ ባዶ ካሬ ሆኖ ሊታያት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ቃል ልካችሁ «አናቱ ላይ ነጥብ ይታይሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልታያት ዘዴው የድሮው ነው፤ «ይመታል፣ ሲጠብቅ» ብሎ ጎኑ መጻፍ።